አንድ ድራም

ጣሊያን መተማ የገባ ዕለት አየሁሽ ይዛ የተሻገረችው ብዙ አልነበረም። አረቄ የምታወጣበት ጋን፣ ሁለት መቃ፣ አንድ ጀንዲና በጨርቅ የተጠቀለሉ ስድስት መለኪያዎች ብቻ። ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ኾር ነው፤ ክረምት ጎርፍ ይሞላዋል፣ በጋ አሸዋው ላይ ፍየል ይተኛበታል። ከኾሩ ማዶ የእንግሊዝ ሱዳን ነው። ጋኗን አዝላ ቁልቁል ስትወርድ አንዲት የገበያ ጓደኛዋ አይታት፣

«ምነው አየሁሽ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ይሸሻል እንጂ ጋን አዝሎ ይሸሻል?» አለቻት።

«የሚታዘል የተረፈኝ እሱ ነዋ» አለችና አለፈቻት።

እውነቷን ነበር። ባሏ ከአራት ዓመት በፊት ሽንፋ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ንዳድ ይዞት ቀርቷል። የወለደቻቸው ሁለቱም ዓመት አልሞሉም። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ያላት ሙያዋና ጆሮዋ ነው። ጆሮዋ የሚያስገርም ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አንድ ጊዜ የሰማችው ቃል አይጠፋትም። ዐረብኛውን ከሱዳን ግመል ነጂዎች፣ አገውኛውን ከጭልጋ ሴቶች፣ እንዲያው ቆማ ስትሰማ ነው የለቀመችው።

ገላባት ላይ ስደተኛው በአገዳ ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ። አየሁሽም ከሠፈሩ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ባምባ ዛፍ ሥር ጎጆዋን ቀልሳ ጋኗን ጣደች። በተከታዩ በጋ እንግሊዞች ከገዳሪፍ የሚመጣውን መንገድ ያስጠግኑ ጀመር። የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ጢሙ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። ስሙን ማንም ስላልያዘው «ቀይ ጢም» ይሉት ነበር። ይህ ሰው ሥራ ሲፈታ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከአየሁሽ ደጅ ከጀንዲው ላይ ቁጭ ይልና አንድ ጣቱን ያነሳል።

«ድራም» ይላል።

አየሁሽ መለኪያውን እስከ አፉ ትሞላለታለች። በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠውና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ስለ አገሩ ያወራታል። እሷ ግማሹን በጣቱ፣ ግማሹን በግምት ትረዳዋለች። አገሩ ተራራ ነው፤ ብርድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እናቱ ድራም ትሰጣለች፤ አልፈልግም ማለት ነውር ነው። «እንደኛው ናቸዋ» አለች አየሁሽ በልቧ።

ክረምቱ ሲቃረብ መንገዱ ተቋረጠና ቀይ ጢም ሄደ። አየሁሽ ዘንድ የቀሩት ቃላቱ ናቸው። ውሃ ዋተር፣ ነገ ቱሞሮ፣ ሕመም ሲክ፣ እንቅልፍ ስሊፕ፣ ከአንድ እስከ አስር ቁጥር። ከሁሉም አስቀድማ የተማረችው፣ ከሁሉም ደጋግማ የሰማችው ግን ድራም ነው። እንግሊዝ አንድ ነገር ሊጠይቅ ወደ ስደተኛው ሠፈር ብቅ ባለ ቁጥር «አየሁሽን ጥሩ!» ይባል ጀመር። ከእንግሊዞቹ ምሽግ የሚመጣው አስተርጓሚ ዐረብኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም ነበርና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ትቆማለች። ያላወቀችው ቃል ሲመጣ የፈረንጁን ፊት አይታ ትገምታለች፤ ብዙ ጊዜም ግምቷ ይያዛል። «አስተርጓሚዋ» አሏት። አረቄ ሻጭ ስትባል የኖረች ሴት «አስተርጓሚዋ» ስትባል ደስ አይላትም ማለት አይቻልም። ደስ ይላት ነበር።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጸዳለና ባሏ ደምለው መጡ።

ደምለው ቋራ በረሃ ከአርበኞች ጋር አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቆየ ሰው ነው። ጥይት አላገኘውም፤ ያገኘው የደም ተቅማጥ ነው። ጸዳለ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ እሱን በአህያ ላይ አሥራ፣ ከገለጉ ጫካውን አቋርጣ በስድስተኛው ቀን ገላባት አደረሰችው። ዕድሜዋ ከሃያ ሦስት አይበልጥም። አየሁሽ የአህያይቱን ልጓም ይዛ ወደ ራሷ አጥር አስገባቻቸው። በማግስቱም ከጎጆዋ ጎን ሌላ ጎጆ ተቀለሰ።

ደምለው ቆዳና አጥንት ሆኖ እንኳ ቀልድ አይተውም ነበር። «እትየ አየሁሽ፣» ይላታል ከሰሌኑ ላይ ቀና ብሎ፣ «ለጣሊያን አንድ ቀን አልሮጥሁም። ይኸው አሁን በቀን ሃያ ጊዜ እሮጣለሁ።»

ጸዳለ ፊቷን አዙራ ትስቃለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች። አየሁሽ የአብሽ ውሃ በጠበጠች፣ የሮማን ልጣጭ ቀቀለች፣ ያወቀችውን ሁሉ ሞከረች። አልቆም አለ። ቁርጠቱ ሲነሳበት ደምለው ጨርቅ ነክሶ ይይዛል እንጂ አይጮህም፤ ጨርቁ ግን በሁለተኛው ሳምንት ተበጣጠሰ።

በዚያ ሰሞን የእንግሊዝ ሐኪም በመኪና ከገዳሪፍ እየመጣ በሽተኛ ያይ ነበር። ረጅም፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። አብሮት አብዱልሀኪም የሚባል ሱዳናዊ የሐኪም ረዳት ይመጣል፤ አማርኛ ይሞክራል፣ መድኃኒቱን በእጁ ለክቶ የሚያሳይም እሱ ነው። ያን ቀን ግን አብዱልሀኪምን ንዳድ ይዞት ገዳሪፍ ቀርቷል። ሐኪሙ ብቻውን ከአንድ ሾፌር ጋር መጣ። ከባምባው ሥር የተሰለፈው ሰው ከሰባ በላይ ነበር።

«አየሁሽን ጥሩ!» ተባለ።

ከማለዳ እስከ ቀትር ከሐኪሙ ጎን ቆመች። ዓይን የታመመ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ሳል የያዘው፤ ሁሉን በጣት፣ በዐረብኛና በጥቂት ቃል አስኬደችው። ደምለው በመጨረሻ በጀንዲ ተይዞ ቀረበ። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ የዓይኑን ቆብ ገለጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ ጥቂት አሰበ። ከሣጥኑም የመዳፍ ያህል ቁመት ያለው ጠርሙስ አወጣ። ፈሳሹ እንደ ጌሾ ውሃ የጠቆረ ነው።

ከዚያ ተናገረ። ቸኩሎ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል። ከአፉ የወጣው ቃል እንደ ጎርፍ ነበር፤ አየሁሽ አልያዘችውም። ስሊፕ የሚል ሰማች። ሲክ የሚልም ሰማች። ከዚያም ሰውየው አንድ ጣቱን አነሳና፣

«ዋን ድራም» አለ።

ልክ እንደ ቀይ ጢም። ከዚያ ሁሉ ጎርፍ መካከል እንደ ዘመድ ፊት ለይታ ያወቀችው ይህቺን ቃል ነው። ሐኪሙ ሦስት ጣት አሳይቶ ፀሐይ መውጫን፣ አናቱን፣ መጥለቂያን ጠቆመ። አሥር ጣቱን ዘርግቶም የሆነ ነገር ጨመረ። አየሁሽ «በአሥር ቀን እመለሳለሁ ማለቱ ነው» ብላ ተረጎመችው። ዓይኗን እያየ ገባሽ ወይ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ጉድ፣ ጉድ» አለች፤ በእንግሊዝኛ ደህና ነው ማለቷ ነው።

መኪናው ሄደ። ጸዳለ ጠርሙሱን በሁለት እጇ እንደ ታቦት ይዛ ቆማለች።

«ምን አለ፣ እትየ? ምን ያህል ልስጠው?»

«አንድ መለኪያ» አለች አየሁሽ። «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።»

ከጎጆዋ ገብታ ከስድስቱ መለኪያዎች ደህናውን መርጣ፣ አጥባ፣ አመጣችላት። ጠርሙሱን ሲከፍቱት የእንስላል ሽታ ወጣ፤ እሷም አንዳንዴ አረቄዋን እንስላል ትጨምርበታለች። «አየሽ፣» አለቻት፣ «የኛው ዘመድ ነው።» ጥርጣሬ ቢኖራት እንኳ ያ ሽታ ያጠፋው ነበር። ግን ጥርጣሬም አልነበራት።

የመጀመሪያውን መለኪያ ያን ዕለት ማታ ጠጣ። ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቅ ሳይነክስ አደረ። በማለዳ ሁለተኛውን ጠጣ፤ ተቅማጡ ቆመ። ጸዳለ በደስታ ከጎጆ ጎጆ እየዞረች ተናገረች። ቀትር ላይ ሦስተኛውን ሰጠችውና ጠርሙሱ አለቀ።

«ሰውየው ቆጥቋጣ ነው፤» አለች አየሁሽ ባዶውን ጠርሙስ እያየች፣ «የአንድ ቀን ብቻ ይሰጣል?» አንድ ነገር ልቧን ጫር አድርጎት አለፈ። አሥሩ ጣት። ግን ደምለው ተኝቷል፤ ፊቱ ተፈትቷል፤ ሰው እንዲህ ዐርፎ ሲተኛ መጥፎ ነገር ማሰብ ሟርት መሰላት።

ጥላው ሲረዝም ጸዳለ ጠራቻት። ደምለው ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ትንፋሹ ይመጣና ይቆያል፤ ይመጣና ይቆያል። ቢነቀንቁት ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ጠቁሯል። ውሃ ረጩበት፣ እግሩን አሹት፣ ስሙን ጠሩት። ሠፈሩ ለእራት እሳት ሳያነድ ትንፋሹ ሄዶ አልተመለሰም።

ሰው ሁሉ «ዐርፎ ሞተ» አለ። «ስቃዩ በዛ፤ እግዜር ማረው» አለ። የስደተኛው ቄስ፣ ቄስ አዛናው፣ ፍትሐት አደረጉለት። ከኾሩ ወዲህ፣ አገሩን በሚያይ ጉብታ ላይ ተቀበረ። ጸዳለ በቀብሩ ላይ የአየሁሽን ትከሻ ይዛ «እትየ ባይኖሩ ኖሮ እየጮኸ ይሞትብኝ ነበር» እያለች አለቀሰች። አየሁሽም ከልቧ አለቀሰች። ገና ምንም አላወቀችም።

ሐኪሙ በአሥረኛው ቀን ተመለሰ፤ አብዱልሀኪምም አብሮት ነበር። የሆድ በሽተኛው የት ነው ቢል ሞተ ተባለ። «ጠርሙሱን አምጡልኝ፤ የተረፈው ለሌላ ሰው ይሆናል» አለ። አየሁሽ ታጥቦ የተቀመጠውን ባዶ ጠርሙስ አመጣችለት። ሐኪሙ ጠርሙሱን አየ፤ እሷን አየ።

«የአሥር ቀን ነው የሰጠሁት ይላል» አለ አብዱልሀኪም። «መቼ ነው የሞተው?»

«በማግስቱ» አለች።

ሐኪሙ ከሣጥኑ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አወጣ፤ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ አታህልም፤ ጎኗ ላይ መስመር መስመር አላት። ውሃ አንጠባጠበባትና ከታችኛው መስመር ላይ ጥፍሩን አኑሮ «ዋን ድራም» አለ። ውሃው የብርጭቆዋን ሥር አርሷል፤ ሌላ አይባልም።

«ስንት ስንት ነው የሰጣችሁት? ይላል።»

አየሁሽ ዞር ብላ አየች። ጸዳለ ከኋላዋ፣ ሃያ ርምጃ ያህል ርቃ፣ ከጎጆዋ ደጅ ተቀምጣ ታያለች። አስተርጓሚዋ እንደ ልማዷ ከፊት ቆማለች፤ ሰው ሁሉ አፏን ያያል።

«እንዲሁ ልክ ነው የሰጠነው» አለች። «የቀረው ተደፋ። አህያ ገለበጠችው።»

አብዱልሀኪም አስተላለፈላት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ዞረ።

በማግስቱ አየሁሽ አንዱን መለኪያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሀጂ ሷሊህ ሱቅ ሄደች። ሀጂ ሷሊህ ሽቶና ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር ያልረገጡት ገበያ የለም። ጣሊያን ሲገባ ሱቃቸውን ወደ ገላባት አሻግረዋል። ከፊታቸው የሰንደል ዘይት ጠርሙሶች፣ ቅርንፉድና አንዲት የነሐስ ሚዛን አለች።

«ሀጂ፣ ድራም የሚባል ነገር ያውቃሉ?»

«የማን ቃል ነው?»

«የእንግሊዝ።»

ሀጂ ሷሊህ ቃሉን በአፋቸው አመላለሱት። «ድራም… ድርሃም።» ፈገግ አሉና ከሚዛናቸው ሣጥን የጥፍር ያህል የሆነች የነሐስ መመዘኛ አውጥተው በመዳፏ አኖሩላት። «ይኸው ድርሃም። አሥራ ሁለቱ አንድ ወቄት ይሆናል። ሽቶ የምሸጠው በዚህ ነው። ገዳሪፍ ላይ ዕቃ የምቀበለው አንድ ግሪክ አለ፤ ድርሃም ባልሁ ቁጥር ይስቅብኛል። ‹የኛን ቃል ወስዳችሁ ነው› ይለኛል። ድራክማ ነው እነሱ የሚሉት። ድሮ በቁራጭ ብረት ሲገበያዩ፣ አንድ እጅ ጨብጦ የሚይዘው ማለት ነበር አሉ። ጭብጥ እንደምንለው። ከነሱ ወደኛ ድርሃም ሆኖ መጣ፤ ወደ ፈረንጁም ሄዶ ድራም ሆነ ማለት ነው።»

«ለመጠጥስ? ለመጠጥ ይሉታል ወይ?»

«የመጠጥ ነገር ከኔ አይጠየቅም» አሉ ሀጂ ሷሊህ። ቢሆንም አሰቡበት። «እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሐኪምና ሽቶ ሻጭ ቃሉን በልኩ ይዘውታል፤ ቢበዛ ጥፋት ነውና። ጠጪ ግን ‹ትንሽ ብቻ› እያለ ነው የሚጠጣ። ያቺ ትንሽ ደግሞ በየዘመኑ እየሰፋች ትሄዳለች። ስሟ ትንሽ እንደ ሆነ ይቀራል።»

አየሁሽ መለኪያውን ከነጠላዋ ፈታች። «እስኪ በዚህ ይለኩልኝ።»

ከሚዛኑ በአንዱ ወገን ድርሃሙን፣ በሌላው ወገን ውሃ እያደረጉ፣ እየመዘኑ፣ ወደ መለኪያው ገለበጡት። አንድ፤ የመለኪያው ሥር ረጠበ። ሁለት። ሦስት። አየሁሽ ከስድስት በኋላ ማየት አልቻለችም፤ ድምፃቸውን ብቻ ሰማች። አሥር ላይ ውሃው ከአፉ ደረሰ።

«ማን ታሞብሽ ነው?» አሏት።

«ማንም።»

ሀጂ ሷሊህ ውሃውን ከደጅ ደፉና መለኪያውን አድርቀው መለሱላት። ሌላ አልጠየቋትም።

ከዚያ ወዲህ አየሁሽ እህል አልወርድ አላት። ሦስቱን መለኪያ በአሥር ታበዛለች፤ ሠላሳ። የአሥር ቀኑን መድኃኒት በአንድ ቀን አጠጥተውታል። ጸዳለ ግን ልታጽናናት ትመጣለች። «በኔ የተነሳ ሰውነትዎን አጎሳቆሉት» ትላታለች፤ ፍትፍት ይዛ ትመጣለች። አየሁሽ ፍትፍቱን ከእጇ እየተቀበለች ትጎርሳለች፤ ጸዳለ ስትሄድ ከባምባው ኋላ ትተፋዋለች።

በአርባው ቀን ያላቸውን አዋጥተው ተዝካር አወጡ። ማሽላ ተጋገረ፣ ጠላ ተጠመቀ። ሰው ከበላ በኋላ ጸዳለ በሰባት ወር ሆዷ ከመካከል ቆማ፣ «ለደምለው ከዘመድ በላይ የሆኑለትን እትየ አየሁሽን መርቁልኝ» አለች። ቄስ አዛናው ተነሡ፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። «ክፉ አይንካሽ፣ ዘርሽ ይባረክ፣ ደግ ሥራሽ አይጥፋ።» «አሜን፣ አሜን» ይላል ሕዝቡ። አየሁሽ አንገቷን ደፍታ፣ የሰው ፈንታ ምርቃት በላይዋ ሲወርድ ቆመች።

በማግስቱ ሁለቱ ውሃ ወረዱ። ኾሩ ደርቋል፤ ውሃ የሚገኘው አሸዋውን ቆፍሮ ነው። አየሁሽ ጎንበስ ብላ በቅል እየቀዳች የጸዳለን እንስራ ሞላችው። ከሞላችው በኋላ ከአሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ጸዳለ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

ነገረቻት። ድራሙን፣ ቀይ ጢምን፣ ትንሿን ብርጭቆ፣ አህያይቱን፣ የሀጂ ሷሊህን ሚዛን። ምንም አላስቀረችም። ጸዳለ ቆማ ሰማቻት።  ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ፊቷ አምጥታ መዳፏን አየችው።

«በእጄ እኮ ነው የሰጠሁት» አለች። «አንገቱን በግራ እጄ ደግፌ፣ በዚህ በቀኙ እጄ።»

ይህን አየሁሽ አላሰበችውም ነበር። ወር ሙሉ ያሰበችው የራሷን በደል ነው፤ ስትናገር ግማሹ ከጸዳለ መዳፍ ላይ እንደሚወድቅ አልታያትም።

«አንቺማ ምን አጠፋሽ? ያልሁሽን ነው ያደረግሽው። እኔ ነኝ፣ የኔ…»

«ለምን ነገሩኝ?» አለች ጸዳለ። ድምፅዋ አልጮኸም። «እግዜር ማረው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ለራስዎ እንዲቀልዎ ነው?»

 ጸዳለ እንስራዋን ከነውሃው ትታ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። አየሁሽ ተሸክማ አደረሰችላት፤ ከደጇ አኖረችላት። እስከ ማግስቱ የነካው ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ጸዳለ ከሙጫ ነጋዴዎች ጋር በገዳሪፍ መንገድ ላይ ወዳለችው ዶካ ሄደች። ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። አልተሰናበተቻትም።

አየሁሽ ለቄስ አዛናው ተናዘዘች። ሽማግሌው ራሳቸውን ይዘው ሰሙና፣ «ልጄ፣ ቃሉን ሳታውቂ ተናገርሽ፤ ካወቅሽ በኋላ ደግሞ ዋሸሽ። የፊተኛውን እግዚአብሔር ያውቅልሻል። የኋለኛውን ሄደሽ አቅኚው» አሏት። የሁለት ሱባኤ ጾምና ስግደት ሰጧት።

ሐኪሙ በመጣ ጊዜ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቃ በአብዱልሀኪም በኩል እውነቱን ነገረችው። አብዱልሀኪም እየተረጎመ መሐል ላይ ቆም አለ፤ ጨርሺ አላት፤ ጨረሰች። ሐኪሙ ቆቡን አውልቆ ከመድኃኒት ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ አጥፋው አለ።

«ለክቼ ማሳየት ነበረብኝ ይላል» አለ አብዱልሀኪም። «ቸኩዬ ነበር ይላል። ሰውየው ያለዚያም ላይተርፍ ይችል ነበር፤ አላውቅም ይላል።»

«ሊተርፍም ይችል ነበር?» አለች አየሁሽ።

አብዱልሀኪም ጠየቀው። ሐኪሙ መሬት መሬት እያየ ያንኑ ቃል ደገመ።

«አላውቅም ይላል።»

አየሁሽ አረቄውን ተወች። ጋኑን ለጠላ ጠማቂዎች ሰጠች፤ ለሀጂ ሷሊህ ሙጫ እየለቀመችና እያበጠረች በቀን ሥራ ኖረች። «አየሁሽን ጥሩ» ሲባል «አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ» ትላለች። ሰው ኮራችብን አለ። ደግሞም ለመዱት። በሠላሳ ሁለት ክረምት ጣሊያን ገላባትን ሲይዝ ከሠፈሩ ጋር ወደ ዶካ ሸሸች፤ እዚያ ጸዳለን ጠየቀች፤ ወንድ ልጅ ወልዳ ወደ ገዳሪፍ ሄዳለች አሏት። በጥቅምት ማብቂያ እንግሊዝ ገላባትን ሊያስመልስ ሲዋጋ የመድፉ ድምፅ እስከ ዶካ ተሰማ። ጥር ላይ ጣሊያን መተማን ለቆ ወጣ። ስደተኛውም ጓዙን ሸክፎ ተመለሰ። አየሁሽ ኾሩን ስትሻገር ያዘለችው የቀን ሥራ ያፈራላትን አንድ ጆንያ ማሽላ ነው።

በሠላሳ አራት ጥቅምት፣ የሰሊጡ ነዶ በቆመበት ወራት፣ ሽንፋ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ከሌሎች ሴቶች ጋር ወረደች። በሦስተኛው ቀን ከማሳው ማዶ አንዲት ሴት ነዶ ስታስር አየች። ከአጠገቧ የሦስት ዓመት ተኩል ያህል ልጅ የሰሊጥ ፍሬ ከመሬት ይለቅማል። አካሄዷን አይታ ለየቻት። ልትሸሽ አሰበች።

ጸዳለ ቀድማ መጣች። ከስታለች፤ ግንባሯ ላይ ሁለት መስመር ወጥቷል።

«ደህና ነዎት?» አለቻት።

«ደህና ነኝ። ልጅሽ ነው?»

«ልጃችን ነው። የደምለው።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቁርጥ የአባቱ ነበር። አየሁሽ ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው።  ከአንድ ነዶ ሥር፣ ጥላ ካለበት፣ ተቀመጡ። ነፋሱ ደረቁን ሰሊጥ ያንኮሻኩሸዋል።

«አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ» አለች ጸዳለ፣ ዓይኗን ከማሳው ሳታነሳ። «ሦስተኛዋን እሱ ነው የለመነኝ። እኔ ተኝቷልና ይቆይ ብዬ ነበር፤ ነቅቶ አምጪ አለኝ። ጠጣና ‹አየሁሽን እግዚአብሔር ያኑርልኝ፤ በረሃ ከወረድሁ ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አላየሁም› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው።»

አየሁሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ያን ቀን ከውሃው ዳር ብነግርዎ ይቀልዎ ነበር። ዐውቄ ነው የተውሁት። እንዲቀልዎ አልፈለግሁም።»

«አሁንስ?»

ጸዳለ ከነዶው አንድ ዘለላ መዝዛ በጣቷ አሸችው። «አሁንም ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እዋሻለሁ። አንዳንድ ቀን ብዬዎታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይህን ልጅ ሳየው አይሆንልኝም። ብቻ ቃሉ የርስዎ ነው። ይዤው ልሞት አልፈለግሁም።»

ከዚያ ተነሥታ ልጇን ጠራች። ያን ቀን እስከ ፀሐይ መግቢያ ሁለቱ በአንድ ረድፍ ሠሩ፤ አንዷ ታጭዳለች፣ አንዷ ታስራለች። ከዚህ በኋላ ስለዚያ ነገር አልተነጋገሩም። ሥራው ሲያልቅ ጸዳለ ወደ ሽንፋ መንደር፣ አየሁሽ ከመተማዎቹ ጋር ወደ ማደሪያቸው ሄዱ።

በመንገድ ላይ አየሁሽ ከሰዎቹ ወደ ኋላ ቀረች። አራት ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው ለራሷ ነበር፤ ለቃሏ፣ ለውሸቷ፣ ለመለኪያዋ። ያን ቀን ግን የታያት ከሰሌን ላይ ቀና ብሎ የሚቀልደው ቀጭን ሰው ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከመንገዱ ዳር ተቀመጠችና ለደምለው አለቀሰች።